ክብደቱ ይቆይ፣ ቆዳው ይሂድ፦ የሰውን አካል በሪያሊዝምና በአብስትራክት መካከል ለመሳል

የሰው አካል የሚስል ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እንዳለ ልሳለው (ሪያሊዝም) ወይስ ልበትነው (አብስትራክት)? ጥያቄው ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ቁርጥ ፎቶ የሚመስል ሥዕል የሚሠራ ሰውም ቢሆን እያንዳንዷን ፀጉር አይቆጥርም። ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ያጋንናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት የቀለም ንጣፍና አንድ መስመር ብቻ አይተን «ሰው ነው፣ ደክሞታል» የምንልበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ሠዓሊዎች እየጣሉ ነው። አንደኛው ጥቂት ጣለ፣ ሌላኛው ብዙ።

ስለዚህ ከባዱ ነገር ምን መጣል እንደሌለበት ማወቅ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ክብደት። ሰውየው በየትኛው እግሩ እንደቆመ፣ ዳሌው ወዴት እንዳዘነበለ፣ ወንበሩን ምን ያህል እንደተጫነው። ይህ ከያዘ ፊት ባይኖር፣ ቆዳው አረንጓዴ ቢሆን፣ ክንዱ ግድግዳው ውስጥ ቢጠፋ ተመልካቹ ያምናል። ይህ ከሌለ ግን ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ቢሳልም ውጤቱ አሻንጉሊት ነው።

መመሪያው በዘይት ቀለም ለሚሠራ ነው። በአክሪሊክም (በውሃ በሚቀጥን ቀለም) ይሆናል። ንድፍ ትንሽ የሞካከረ ሰው አይቸገርም።

መሣሪያ

ከሰልና ርካሽ ትልቅ ወረቀት በብዛት። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ሸራ። አንድ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትንሽ። ትንሿን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧት፤ ፈተና ናት። የቀለም ቢላና ጨርቅ ደግሞ የግድ ነው፤ በዚህ ሥራ መፋቅ ከመቀባት እኩል ነው።

ቀለም አራት ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርሽ ዞርን (እ.ኤ.አ. 1860–1920) በዚህ ጠባብ ፓሌት፣ ማለትም በጥቂት ቀለም ምርጫ፣ ስሙ ይነሳል። ጥቁር ከነጭ ጋር ሲደባለቅ፣ ሞቅ ካለ ቀለም አጠገብ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ሰማያዊ ሳይኖር የሚሠራው ለዚህ ነው። አምስተኛ ቀለም በኋላ እንጨምራለን። የቱ እንደሆነ አሁን አትወስኑ።

1. አቋቋሙንና መብራቱን መምረጥ

ክብደቱ በግልጽ የሚታይ አቋቋም ምረጡ። በአንድ እግር ላይ ማረፍ፣ ጠረጴዛ መደገፍ፣ ወንበር ላይ ወደ አንድ ጎን መዘንበል። በሁለት እግር እኩል፣ ቀጥ ብሎ መቆም ለጀማሪ ቀላል ይመስላል። እንዲያውም ከባዱ እሱ ነው፤ ምንም የሚነግራችሁ ነገር የለም።

መብራት አንድ ይሁን። ከላይና ከጎን፣ በ45 ዲግሪ ገደማ። ሁለትና ሦስት መብራት ጥላውን ይበታትነዋል፤ ጥላ ከተበታተነ ደግሞ በኋላ የምንደገፍበት ትልቅ ቅርጽ አይኖርም። ሞዴሉ በየ20 ደቂቃው ይረፍ። ከማረፉ በፊት እግሮቹ ያሉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ሞዴል ከሌለ መስታወት ፊት ራሳችሁን ሳሉ። ፎቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ3 ሜትር በላይ ራቅ ብላችሁ አንሱ። ሌንስ ሲቀርብ ወደ እሱ የመጣውን ጉልበት ወይም እጅ ያገዝፋል። ስልክ ደግሞ ጥላ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ይውጠዋል። ፎቶ የግድ ከሆነ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ግን ከሕያው አካል ይምጡ።

2. የአንድ ደቂቃ ንድፎች

በከሰል፣ ቆማችሁ፣ ክንዳችሁን ከትከሻ እያንቀሳቀሳችሁ። ለእያንዳንዱ ንድፍ አንድ ደቂቃ ስጡ። አሥር ያህል ሳሉ። የአካሉን ዙሪያ ገባ አትከተሉ። መጀመሪያ ከራስ ተነስቶ ክብደቱን እስከተሸከመው እግር የሚወርደውን አንድ ረጅም መስመር ፈልጉ። ቀጥሎ ሁለት አጫጭር መስመሮች፦ አንዱ ለትከሻ፣ አንዱ ለዳሌ።

ሰው በአንድ እግሩ ሲያርፍ በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ ይላል። ትከሻው ደግሞ በአብዛኛው በተቃራኒው ያዘነብላል። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ጎን ይቀራረባሉ፤ እዚያ ጎን ሥጋው ይታጠፋል። በሌላኛው ጎን ይራራቃሉ፤ እዚያ ደግሞ ይለጠጣል። ጥንታውያን ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋዩን ሕያው ያስመሰሉት በዚህ መላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐውልቶቻቸው ቀጥ ብለው የቆሙ ነበሩ።

አንድ ማረጋገጫም ያዙ። በአንገት ሥር፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ትንሽ ጉድጓድ አለች። ከእሷ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርዱ። ሰውየው ምንም ሳይደገፍ በአንድ እግሩ ካረፈ መስመሩ የዚያን እግር ውስጠኛ ቁርጭምጭሚት ይነካል ወይም አጠገቡ ያርፋል። ብዙ ከራቀ የሳላችሁት ሰው እየወደቀ ነው።

ከእነዚህ ንድፎች ሦስቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እስከ መጨረሻው አይነሱ።

3. አንድ ትዕግሥተኛ ጥናት

አሁን በተቃራኒው ሂዱ። አንድ ንድፍ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ የቻላችሁትን ያህል እውነት አድርጉት። ብዙ ሰው ይህን መዝለል ይፈልጋል፤ «ለነገሩ መጨረሻ ላይ ልበትነው አይደል?» ይላል። ያላወቃችሁትን መጣል ግን አትችሉም። ክርኑን ሳታጠኑት ስታቀልሉት ክርን የነበረበት ቦታ ዝም ብሎ ለስላሳ ቱቦ ይሆናል።

ለመለካት ብሩሹን ይዛችሁ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ አንድ ዓይን ጨፍኑ። የራሱን ቁመት በአውራ ጣታችሁ ያዙና በአካሉ ላይ ወደ ታች ቁጠሩ። የአዋቂ ሰው አካል በአማካይ 7 ራስ ተኩል ያህል ነው። የሥዕል መጻሕፍት ላይ የምታዩት 8 ራስ ለማሳመር ተብሎ የተረዘመ ነው። የቁመቱ መሐል እምብርት አይደለም፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ እግሮች የሚጀምሩበት አካባቢ ነው። ዓይኖችም የራስ ቅሉ መሐል ላይ ናቸው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ሞዴሉ ከቁጥሩ ከተለየ ሞዴሉን እመኑ።

በአካሉና በክንዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታም ሳሉ። ባዶው ሦስት ማዕዘን ልክ ከመጣ ክንዱም ልክ ነው። ይህ ልምምድ ሳታስቡት ወደ አብስትራክት ያስገባችኋል፤ ስም የሌለው ቅርጽ እየሳላችሁ ነውና።

4. ሦስት ቶን ብቻ

ቶን ስል ቀለሙ ምንም ይሁን ምን የጨለመ ወይም የፈካ መሆኑን ነው። ዓይናችሁን አጥብባችሁ ሞዴሉን እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የሚቀሩት ትልልቅ ቅርጾች ናቸው።

መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ አራት ወይም አምስት ጥናቶች ሥሩ። ሕጉ አንድ ነው፦ የሚነካኩ ሁለት ጥላዎች አንድ ቅርጽ ይሁኑ። የብብቱ ጥላ ከጀርባው ጥላ ጋር፣ እሱ ከወንበሩ ጥላ ጋር፣ ወንበሩም ከጨለማው ግድግዳ ጋር ይዋሃድ። ድንበር አታበጁላቸው። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ሰውየው ከክፍሉ ጋር የተሰፋ ይሆናል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጥላ ውስጥ ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመጣ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል። ዓይን ይወደውና ከልክ በላይ ያፈካዋል። በአንድ መብራት ሥር ያ ነጸብራቅ በብርሃን በኩል ካለው ቆዳ አይበልጥም። በዚህ ደረጃ ላይ ጭራሽ እርሱት።

ከጥናቶቹ አንዱን ምረጡ። «ጥሩ የተሳለውን» ሳይሆን ገልብጣችሁ ስታዩት እንኳ እንደ ቅርጽ ደስ የሚላችሁን።

5. በአንድ አቅጣጫ ብቻ መራቅ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ከእውነታ ለመራቅ ብዙ በር አለ፤ ችግሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈት ነው። ቅርጹን ያጣመመ፣ ቀለሙን የቀየረ፣ ጠርዙን ያደበዘዘና መጠኑንም ያዛባ ሥዕል የሚይዘው ነገር የለውም። አንዱን ምረጡና እሱን እስከ ጥግ ግፉት። ሌሎቹ ለእውነታው ታማኝ ሆነው ይቆዩ።

ቅርጽን ከመረጣችሁ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ተጋድማ ያለች ሴት ሲስል ሥራው እየተለወጠ የሄደበትን መንገድ በፎቶ አስቀርቶታል። መጀመሪያ ክፍሉ ጥልቀት ነበረው፤ አካሉም ተፈጥሯዊ ነበር። እየቆየ ክፍሉ ጠፍጣፋ ባለ መስመር ሰማያዊ ሆነ፤ ራስ አነሰ፤ ክንድና እግር ገዝፈው የሸራውን ጠርዝ ገፉ። በመንገዱ ላይ የተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት ሸራው ላይ በመርፌ እየሰካ ይሞክር ነበር። ይህ ዛሬም ዘዴው ነው። ቀለም ከማባከን በፊት የክንዱን ቅርጽ ከወረቀት ቁረጡ፣ ለጥፉት፣ አንሸራቱት፣ ደግማችሁ ቁረጡ። በስልካችሁም አንሱት፤ ትናንት የተሻለ እንደነበረ የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

ቀለምን ከመረጣችሁ ቶኑን አትንኩ። አንድ ጉንጭ ምን ያህል ፈካ ወይም ጠቆር እንዳለ ልክ ከሆነ፣ ሐምራዊም ሆነ አረንጓዴ ጉንጭ ሆኖ ይነበባል። ማቲስ በ1905 የሚስቱን ፊት ሲስል ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ አንድ አረንጓዴ ሽንጥር አወረደ። ሽንጥሩ ፊቷን ሞቃትና ቀዝቃዛ ወገን አድርጎ ይከፍለዋል፤ የጥላን ሥራ ይሠራል። አምስተኛውን ቀለም የምንመርጠው አሁን ነው። ከቆዳው ቀለም በጣም የሚርቀውን ውሰዱና ለጥላው ወገን ብቻ ስጡት።

ጠርዝን መምረጥ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው። አካሉ በአንዳንድ ቦታ ስለት ሆኖ ይቆረጣል፤ በሌላ ቦታ ከዳራው ጋር ይቀልጣል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዲበንኮርን በአብስትራክት ሥራ ታውቆ ሳለ በ1955 አካባቢ ፊቱን ወደ ሰው አካል መለሰ። እስከ 1967 ድረስም ሰዎችን ሳለ። ብዙዎቹ ፊታቸው በጥቂት ብሩሽ የታለፈ ነው፤ ግን መቀመጣቸውን፣ ማሰባቸውን ታያላችሁ። አካሉ ከመስኮቱና ከጠረጴዛው መስመር ጋር አንድ ግንባታ ሆኗል። ደንቡን ከእሱ መውሰድ ይቻላል፦ ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ጠርዙ ይጠንክር። ወንበር የሚነካው ጭን፣ ወለል የሚነካው ተረከዝ፣ ጠረጴዛ ላይ ያረፈው ክርን። የቀረው ይቅለጥ።

መጠንን መምረጥም ይቻላል። ስዊዘርላንዳዊው ቀራጺ አልቤርቶ ጃኮሜቲ የሐውልት ሰዎቹን እጅግ አቀጠናቸው፤ እግራቸውን ግን ከባድና ሰፊ አደረገው። ለዚህም ነው ከወለሉ ጋር የተጣበቁ የሚመስሉት። ይህ በር ግን አደገኛ ነው። ደካማ ንድፍ የሚደበቀው እዚህ ነው። ክንዱ የረዘመው ፈልጋችሁት ነው ወይስ ስላመለጣችሁ? ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ጥናታችሁ መልሱን ያውቃል።

ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ከንድፎቹ አጠገብ ለጥፉት። «ዳሌው ወንበሩን መጫኑ ይቆያል፤ ቀለሙ ይለቀቃል» ዓይነት።

6. ሸራውን መሸፈን

በሰፊው ብሩሽ፣ በጣም ባቀጠናችሁት ቀለም፣ ሙሉውን ሸራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሸፍኑ። ሰውየውና ዳራው አብረው ይነሱ። ሰውየውን ጨርሶ ዳራውን ለነገ ማሳደር የዚህ ሥራ ትልቁ በሽታ ነው፤ መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ ሰው ይወጣል።

የዘይት ቀለም ሕግ አትርሱ፦ የታችኛው ንብርብር በማቅጠኛ የሳሳ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት። ከተገለበጠ ይሰነጠቃል። በአክሪሊክ ጀምሮ በዘይት መጨረስ ይቻላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይያዝም። መስኮት ክፈቱ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅም ተጨምድዶ ከተከመረ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩት።

7. የቆዳ ቀለም

አንድ «የሥጋ ቀለም» ደባልቃችሁ ሁሉንም አትቀቡ። ከአራቱ ቀለሞች ሦስት ክምር አዘጋጁ፦ ለብርሃን፣ ለመካከለኛና ለጥላ። ብርሃኑ ሞቃት ከሆነ ጥላው ቀዝቀዝ ይበል። ብርሃኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥላው ይሙቅ። ጆሮ፣ ጣት፣ ጉልበትና ክርን ወደ ቀይ ያደላሉ።

ለጥቁር ቆዳ ጥቁር ቀለም ብቻውን አትጨምሩ፤ ነጭ ሲነካው አመድ ይሆናል። በቀይና በኦከር አሙቁት። ጥቁር ቆዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ቦታ ጠባብና ጥርት ያለ ነው፤ የመብራቱን ወይም የሰማዩን ቀለም ይይዛል። እነዚያ ጥቂት ምቶች ብዙ ይሠራሉ። ስለዚህ ቁጠቡ።

8. መጣል

አሁን ሸራው ላይ ሊታመን የሚችል ሰው አለ። ማፍረስ እንጀምር። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፊት ዝርዝር፣ ከዚያ ጣቶች (እጅ አንድ ቅርጽ ይሁን)፣ ከዚያ በትልልቆቹ ቶኖች ውስጥ ያሉ ትንንሽ ለውጦች፣ በመጨረሻ የዙሪያ መስመር። በቢላ ፋቁ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ በሰፊው ብሩሽ በአንድ ምት እለፉበት። እጃችሁ ከሚፈልገው ብሩሽ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ያዙ።

ፒካሶ በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ በሠራው ሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተም ሥዕል) አንድን በሬ በ11 ደረጃ ወደ ጥቂት መስመሮች አወረደው። ሰው ባይሆንም ከእሱ የሚሻል ትምህርት አላውቅም። ልብ በሉ፣ በሬው ወዲያው አልቀለለም። በሁለተኛው ደረጃ ጭራሽ ገዝፎና ከብዶ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ክብደቱን አጋነነ፣ ከዚያ ያልተሸከመውን ሁሉ አነሳ። እናንተም ከመጣላችሁ በፊት የተጫነውን ዳሌ ወይም የቆመውን እግር ትንሽ አክብዱት።

ፊትን በተመለከተ ጨከን በሉ። ሁለት ዓይን ካለ ተመልካች ሌላ ነገር አያይም። የራሱን ዘንበል ማለትና አንዱን ትልቅ ጥላ ብቻ ትታችሁ ሞክሩ። ዝርዝር የምትተዉበት ቦታ ካስፈለገ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከፊት ይልቅ ክብደት አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ።

9. መፈተሽ

ሥዕሉን በመስታወት እዩት። ገልብጡት። አምስት ሜትር ራቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥዕሉ ላይ ባለው አቋቋም ራሳችሁ መቆም ነው። የትኛው ጡንቻ እንደሚሠራ ይሰማችኋል። ከዚያ ሸራውን እዩ፤ ያ ጭነት አለ? ከሌለ ዝርዝር አትጨምሩ። ግድግዳው ላይ ወዳሉት የአንድ ደቂቃ ንድፎች ሂዱና የዳሌውን መስመር አስተካክሉ።

ለሌላ ሰው ስታሳዩ «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን እያደረገ ነው?» በሉ። «ተደግፏል» ካለ ተሳክቷል። «ሰው ነው መሰለኝ» ካለ ብዙ ጥላችኋል። «የእከሌን ፊት ይመስላል» ካለ ገና አልጣላችሁም።

ማቆሚያውን ማወቅ ለማንም ቀላል አልነበረም። ሠዓሊው ቪለም ደ ኩኒንግ በ1950 የጀመረውን የሴት ሥዕል ሲፍቅና ሲደግም ቆይቶ ትቶት ነበር። የጥበብ ታሪክ ምሁሩ ማየር ሻፒሮ ካየው በኋላ ተመልሶበት በ1952 ጨረሰው። የጣላችሁትን ሸራ ዓይኑ ለሚታመን ሰው ሳታሳዩ አታቃጥሉ።

10. ሁለተኛው ሸራ

በሁለተኛው ላይ ሞዴል አትጥሩ። ከመጀመሪያው ሥዕል ሳሉ። ማቲስ አራቱን የሴት ጀርባ ቅርጻ ቅርጾች ከ1908 ገደማ እስከ 1930 ገደማ ሲሠራ አዲሱን በፊተኛው ላይ ተመሥርቶ ነበር የሚጀምረው፤ የመጨረሻው ሦስት ቀጥ ያሉ ግንዶች ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሸራው ተመሳሳይ መጠን፣ አቋቋሙም ያው ይሁን። የምትከፍቱት በር ግን ይቀየር፤ ቀለምን ለቅቃችሁ ከነበረ አሁን ጠርዝን ልቀቁ። ሦስተኛውንም ከሁለተኛው አንሱ። መሐል ላይ የትኛው እግር እንደተሸከመ መናገር ካቃታችሁ ሞዴሉን መልሳችሁ ጥሩና ከሰሉን አንሱ።